የነኢማ ምትክ

የነኢማን ሞት የነገረኝ ኢንጂነር ደረጀ ነው። ድሮ ሮቤ አብረን ስንሠራ የስትራክቸር መሐንዲሳችን ነበር። ወትሮ ሲደውል ሰላምታው አያልቅም፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ያን ቀን ግን ስልኩን እንዳነሳሁ፣ "አበራ፣ ያቺ አርክቴክታችን አረፈች። አሰላ ነው፤ ትናንት ቀብረዋታል" አለኝ። ምን ሆና እንደሆነ ስጠይቀው እሱም በቅጡ አያውቅም። "እኛ አልሰማንም እንጂ ሕመሙ ከረምረም ብሎባታል አሉ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ መሄድ አለብህ። ከሁላችንም ይልቅ ላንተ ነው የደከመችው" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ደክማልኛለች። ምን ያህል እንደሆነ ግን ደረጀ አያውቅም። ከነኢማና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ነኢማ ወደ ሮቤ ስትመጣ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። የተወለደችው ጎሮ ነው፤ ትዳሯ ግን አሰላ ነው። ባሏ ከድር እዚያ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ልጃቸው ፊርዶስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። ነኢማ የመጣችው ለአንድ ዓመት ብላ ነው። ለአንድ ዓመት የመጣ ሰው እንደሚያደርገውም፣ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ከአንድ ፍራሽና ከአንዲት ቡታጋዝ በቀር ዕቃ አላስገባችም። አራተኛ ዓመቷን ስትይዝም ያው ፍራሽና ያው ቡታጋዝ ነበር።

ረጅም ቀጭን ሴት ነበረች። እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሽጣ ትረሳውና ቢሮውን ሙሉ ስትፈልገው እንስቅባታለን። ሜትር ከኪሷ አይጠፋም፤ ሐሳብ ሲይዛት ግን ሜትሩን ትታ ጠረጴዛውን በስንዝር ትለካዋለች። ከዳር እስከ ዳር ትለካና እንደገና ትጀምራለች። ያን ጊዜ ማንም አያናግራትም።

መሥሪያ ቤታችን የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የቢሮ ፕላን ይሠራል፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። ዘመኑ ቢፒአር የሚባለው ለውጥ በየግድግዳው የተለጠፈበት፣ በየሳምንቱ አንድ ለአምስት ሆነን እየተሰበሰብን የምንገማገምበት ነበር። ታዲያ ዲዛይን ሁሉ ከእንግዲህ በዲጂታል የሕንፃ ሞዴል ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደ። ወረቀት ላይ መስመር መሥራት ቀርቶ፣ ሕንፃው ከነግድግዳው፣ ከነቧንቧው፣ ከነብረቱ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀድሞ ይቆማል ማለት ነው። ሥልጠናውን የወሰደችው ነኢማ ብቻ ነበረች። ለሥራው የሚሆን አንድ ኮምፒውተርም መጣ። ነኢማ እዚያ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስነሳት ጠፋ።

ዝውውር በጠየቀች ቁጥር ኃላፊያችን ኦቦ ቶላ፣ "ነኢማ፣ አንቺ ከሄድሽ ይሄን ኮምፒውተር ማን ይከፍትልኛል? የዶሮ ቆጥ ላድርገው?" ይላታል። ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅና ማመልከቻዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ኦቦ ቶላ ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ ሲጠይቁት የሚያሳየው እሷን ብቻ ስለሆነ ነው። "ምትክ ይምጣና በማግሥቱ ልልቀቅሽ" ይላል፤ ምትክ ግን ማንም አይልክለትም። በቃኝ ብላ ብትሄድ መልቀቂያ አታገኝም፤ ያለ መልቀቂያ ደግሞ አሰላ የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት የለም።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት መኪና ትይዛለች። ዲንሾን፣ አዳባን፣ ዶዶላን አልፋ አሰላ ስትደርስ መሽቷል። ቅዳሜን ውላ እሑድ ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት "ፊርዶስ እንዴት ናት?" ስንላት፣ "አደገች" ትላለች። ሌላ መልስ አልነበራትም። ሁልጊዜ "አደገች" ነው።

በመጨረሻ ምትክ የሚልክ እንደሌለ ሲገባት ራሷ ልታፈራ ተነሳች። የመረጠችው እኔን ነው። ዲፕሎማ የያዝኩ፣ ፕላን የምስል ድራፍትስማን ነበርኩ፤ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። "እርስዎ" ስላት፣ "አንቺ በለኝ፤ አለዚያ ስሕተቴን አትነግረኝም" አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር ፊት የምታስቀምጠኝ መስሎኝ ነበር። ይዛኝ የሄደችው ግን ወደ ቢሮው ደረጃ ነው። ከጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ የሞላ ባልዲ ተቀብላ ሰጠችኝና፣ "ውጣ" አለችኝ። ወጣሁ። "ውረድ።" ወረድኩ። ውሃው ሱሪዬን አራሰው።

"የቱ ጋ ነው የፈሰሰብህ?"

"ታች አካባቢ… ሦስተኛው ጋ መሰለኝ።"

"ለካው" ብላ ሜትሩን አቀበለችኝ። ሦስተኛው እርከን ከሌሎቹ በሦስት ሳንቲም ይበልጣል። ስድስት ዓመት ስመላለስበት አላየሁትም ነበር። "ሞዴል የሚሠራ ሰው ሥራው ይሄን ሕንፃው ሳይቆም ማየት ነው" አለች። "ማውስ መጫኑንማ ማንም ያስተምርሃል።"

ቀጥሎ ያስተማረችኝ "አላውቅም" ማለትን ነው። ሞዴሉ ውስጥ ግድግዳ ሳቆም፣ "ከምንድን ነው የተሠራው? ብሎኬት ነው ድንጋይ? ማን ነው የሚሸከመው?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ላለማፈር የመጣልኝን እሞላለሁ። አንድ ቀን እጄን ያዘችኝ። "አበራ፣ ያላወቅኸውን እንዳወቅህ አድርገህ ስትሞላ ሞዴሉ ያምንሃል። ከዚያ ብረት የሚገዛው ያምናል፣ የሚገነባው ያምናል። ካላወቅህ ቢጫ ቀባው።" ቢጫ ማለት ገና ያልተጣራ ማለት ነው። አንዴ ኦቦ ቶላ ለስብሰባ የሚያሳየው ፈልጎ ሲመጣ ሕንፃው ግማሹ ቢጫ ሆኖ አገኘው። "ይሄ ምንድነው? ወባ ያዘው እንዴ?" አለ። "ያላወቅነው ነው፤ ጉዳዩ ሲጣራ ይነጣል" አለችው። ዛፍና መኪና ጨምሪበት፣ አሳምሪው ቢላት ዛፉን ጨመረች፤ ቢጫውን ግን አልነካችም።

ከሁሉ የማልረሳው የጎባውን የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ሞዴሉን ስታጣራ የመጸዳጃው ቧንቧ ከላይ ያለውን የሚሸከመውን የኮንክሪት ቢም በቀጥታ በስቶ ሲያልፍ አገኘችው። ቢሙን ያሰላው ደረጀ ነው። ደረጀ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ስሕተቱን ሲነግረው ደስ አላለውም። "ይሄ እኮ ሳይት ላይ የሚፈታ ነገር ነው፤ ሠራተኛው ያውቅበታል" ብሏት ወጣ።

እሷ ታዲያ ሠራተኛውን ራሱን ጠራችው። ሐጂ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ። ፕላን ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ሲሠሩ ግን የሚያህላቸው የለም። ወንበር ሰጥታቸው ሞዴሉን ከፈተች። ጣሪያውን አነሳች፣ ግድግዳውን ገለጠች፣ ሕንፃውን እንደ ዳቦ አዙራ አሳየቻቸው። ሐጂ "ማሻአላህ" ብለው ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ተጠጉ። ቧንቧውን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ኩን ሂንታኡ! ይሄማ አይሆንም። ይሄን አምጥታችሁልኝ ቢሆን ቢሙን በመዶሻ ነበር የምበሳው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?" አሉ። ሞዴሉን እንደገና አይተው ደግሞ፣ "ልጄ፣ ይሄ የወላዶች ክፍል በር ለምን ወደዚህ ዞረ? የጎባን ንፋስ አታውቂውም?" አሏት። በሩን እዚያው አዞረችው።

ደረጀ ሲሰማ ተቆጣ። ከኔ አልፋ ፎርማን ጠራች ብሎ ሊያናግራት አልፈለገም። በማግሥቱ ሁላችን ባለንበት ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። "ደረጀ፣ ከሐጂ በፊት አንተን አስቀምጬ ማየት ነበረብኝ። ወጥተህ ስትሄድ ተናድጄ ነው። አጥፍቻለሁ" አለችው። ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ቢሙን አስተካከሉት፤ ሪፖርቱ ላይ ያስተካከለው ደረጀ ነው ብላ ጻፈች። "ለምን?" ብላት፣ "ሞዴሉ ውስጥ ሁላችንም እንገናኛለን፤ ሰዎቹ ካልተነጋገርን ግን ምን ዋጋ አለው? ከዚህ ሙያ ግማሹ ይሄ ነው፤ በሥልጠናው አልነገሩንም" አለችኝ።

ስድስት ወር እንዲህ አስተማረችኝ። በስድስተኛው ወር ኦቦ ቶላ በፈተና ተስማማ። ለጎሮ የታሰበ ባለ አንድ ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ሞዴል በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ነኢማ እርዳታ እንድሠራ፣ ዓርብ ቀን በኮሚቴ እንዲታይ፣ ካለፍኩ እሷ እንድትለቀቅ። ጊዜው ነሐሴ ነበር። መስከረም ላይ ፊርዶስ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ነኢማ በመጀመሪያው ቀን እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ ብላ ቃል ገብታላታለች። ደብተር መያዣ ቦርሳ ገዝታ ቢሮ ድረስ አምጥታ አሳየችን። ክፍሏንም እንደምትለቅ ለአከራይዋ ነግራለች፤ አከራይዋም ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ስትስቅ አላየኋትም።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ነኢማ ልታስተምረኝ በጀመረችበት ሰሞን አዲስ አበባ ለዲግሪ ትምህርት አመልክቼ ነበር። ይሆናል ብዬ ስላላሰብኩ ዝም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ የማይነገር ሆነብኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሥራውን ጨርሼ ነበር። አስቸጋሪው ደረጃው ነበር፤ የሚወጣ ሰው ቢሙ ሥር ሲደርስ ጭንቅላቱን ይመታል። ሁለት እርከን ወደ ኮሪደሩ አውጥቼ ፈታሁት። ሐሙስ ጠዋት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ ስምህ ወጥቷል አለኝ። ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄጄ የራሴ ጉዳይ እንዳልሆነ አስመስዬ ጠየቅሁ። "የነኢማ ምትክ ተብሎ የሚመደበው ሰው? እሱማ ቢያንስ ሦስት ዓመት የትም አይሄድም" አሉኝ።

ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። የእሷን ወንበር አየሁት። አራት ዓመት የተቀመጠችበት ወንበር ነው፤ መቀመጫው ጎድጉዷል። በዚያ ቀን ያ ወንበር የኔ ሆኖ ታየኝ። ሞዴሉን ከፈትኩና ደረጃውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለስኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ዓርብ ስሕተቱን ያየው ደረጀ ነው። "እዚህ ጋ እኮ ሰው ግንባሩን ይፈነክታል" አለ፣ ለኔ እያዘነ። ኦቦ ቶላ ራሱን ነቀነቀ። "ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ገና ነው። ነኢማ፣ ትንሽ ታገሺን" አለ። እሷ ጠረጴዛውን በስንዝር መለካት ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ቀድማኝ ተቀምጣለች። አሰላ አልሄደችም ነበር። "በሩን ዝጋው" አለችኝ።

"ረቡዕ ዕለት ደረጃው ልክ ነበር" አለች። ፕሮግራሙ ሥራ በተቀመጠ ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያኖረዋል። ራሷ ናት ያስተማረችኝ፤ በዚያ ሐሙስ ግን ትዝ አላለኝም። "ሐሙስ ምን አገኘህ?"

ልዋሽ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ "ብነግርሽ ሌላ ሰው ትፈልጊ ነበር" አልኩ።

"አዎ" አለች። "ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ስድስት ወር ነበረኝ።"

ከዚያ ንግግር በላይ የተመታሁበት የለም። አልጮኸችም። ከዚያ፣ "ቅዳሜና እሑድ እዚህ ተቀምጬ አሰብኩበት። ለኦቦ ቶላ ሁለቱን ቅጂ ባሳየው ዛሬውኑ እለቀቃለሁ። አንተ ትቀራለህ። ይሄ ወንበር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ሰው አስቀምጬበት መውጣት አቃተኝ። ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቻልኩም" አለች።

"ነኢማ…"

"ይቅርታ አትበለኝ፤ አሁን አልሰማህም። ና፣ ደረጃውን እናስተካክል። የጎሮ ልጆች ግንባራቸውን አይፈንከቱ።"

አብረን አስተካከልነው። ለትምህርት ፈቃዴ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈችልኝም እሷ ናት። በመስከረም መጨረሻ ሄድኩ። ቦርሳውን ለፊርዶስ በሰው እንደላከችው፣ የድሮ ክፍሏ ስለተያዘባት ወፍጮ ቤት አጠገብ ሌላ ክፍል እንደተከራየች ደረጀ በስልክ ነገረኝ። አንዲት አዲስ ምሩቅ ተመድባ፣ ነኢማም እሷን ከመጀመሪያው ጀምራ አስተምራ እስክትለቀቅ ድረስ አሥራ ስድስት ወር አለፈ። አሰላ ከገባች በኋላ በበዓል በበዓል እደውልላት ነበር። ስለ ትምህርቴና ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ ይቅርታዬንም አላስጨረሰችኝም፤ እኔም ደግሜ አልሞከርኩም።

አሁን የምኖረው አዳማ ነው። አሰላ የሄድኩት ደረጀ በደወለልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። መንገድ ላይ ሳሰላው ነኢማ ከቤተሰቧ ጋር የኖረችው አምስት ዓመት ከሁለት ወር ነው። እኔ ባልኖር ስድስት ዓመት ተኩል ይሆን ነበር።

ድንኳኑ ገና አልተነሳም። ከድር ስሜን ስነግረው አቅፎኝ ቆየ። "አበራ አንተ ነህ? ስምህን ከአፏ አታጠፋም ነበር እኮ" አለኝ። አጠገቡ አስቀመጠኝ። ዝም ብዬ ውዬ ልመለስ እችል ነበር። ግን "ስምህን ከአፏ አታጠፋም" ካለኝ በኋላ እዚያ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁና ነገርኩት፤ ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ሐሙስ ጠዋት፣ ስለ ደረጃው፣ ሰኞ ስላለችኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ከድር አጥሩን ተደገፈ።

"በዚያ ዓመት ነው የተጣላነው" አለ። "ስድስት ወር ሙሉ 'ልጁ ጎበዝ ነው፣ ከኔ ይበልጣል' ስትለኝ ከርማ፣ በመጨረሻው ሳምንት 'ገና ነው' አለችኝ። 'እንዴት ነው ሰው በአንድ ሳምንት የሚደነቁረው?' ስላት ዝም አለች። ራሷ መምጣት ያልፈለገች መሰለኝ። እስካሁን ድረስ እንደዚያ ነው የማስበው።"

ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ።

"እናቴም እንደዚያ ነው የምታስበው" አለ። "ልጅሽን ጥለሽ ሥራ መረጥሽ ብላ ፊት ለፊት ተናግራታለች። ፊርዶስ እየሰማች። ነኢማ ያን ጊዜም አልመለሰችላትም።" ዓይኑን በእጁ ጠረገና፣ "ና" አለኝ።

በጓሮ በር ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባኝ። እናቱ አዴ ሩቂያ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ፊርዶስ ጉልበታቸው ላይ ተደግፋለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የእናቷ ነው። ከድር፣ "ይሄ ሮቤ ነኢማ ያስተማረችው ልጅ ነው። የሚነግራችሁ አለ" አላቸው። ወደ ኔ ዞሮም፣ "ለኔ እንደነገርከኝ ንገራቸው። ምንም አታስቀር" አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ፊታቸው ተቀመጥኩ። "አዴ" አልኩ በኦሮምኛ፣ "ነኢማ በዚያ ዓመት ያልመጣችው በኔ ምክንያት ነው።"

የአዴ ሩቂያ ጣቶች ተስቢሃው ላይ ቆሙ። መጀመሪያ የተናገረችው ግን ፊርዶስ ናት። ከአያቷ ጉልበት ቀና ብላ፣ "የትኛው ዓመት? ትምህርት የጀመርኩበት?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "እሱ ነው።"

"ንገረን" አለች።

ሁሉንም ነገርኳቸው።